ካሱና ልጆቹ ኃላፊነቱ የተወሰነ

ሳምሶን ካሱ በዕድሜው ለስንት ሰው ማኅበር እንዳቋቋመ ቢጠየቅ ቁጥሩን አያውቀውም። የራሱ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባይቋቋም ይሻል ነበር። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው የታችኛው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩን የሚያደነቁር አንድ ጄኔሬተር። ከዚያ በፊት ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነበር። በዚህ ሥራ ጥርሱን ነቅሏል። የተጣላ ሲመጣ ክስ ይጽፍለታል፤ የታረቀ ሲመጣ የስምምነት ውል ይጽፍለታል። የሙዝ ነጋዴው፣ የዓሣ ነጋዴው፣ ለሦስት ሆኖ አንድ ባጃጅ የገዛው ሁሉ ማኅበር ሊያቋቁም ሲፈልግ የሚሄደው ወደ ሳምሶን ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ የተዘጋጀ የመመሥረቻ ጽሑፍ አለ። ስሙን ብቻ እየቀየረ ያትመዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ስሙን ብቻ እየቀየረ። የሰውዬው ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል።

አባቱ ካሱ ከዶርዜ የወረዱ ሸማኔ ነበሩ። ከከተማው ላይኛው ሰፈር ከሴቻ ላይ፣ ቁልቁል ሁለቱ ሐይቆችና በመካከላቸው ያለው የእግዜር ድልድይ ከሚታይበት ጠርዝ ቦታ አግኝተው ባለ አራት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሠሩ። ያን ጊዜ ለዕይታ ግድ ያለው ሰው አልነበረም። ካሱም ቦታውን የወደዱት የታጠበ ክር በንፋሱ ቶሎ ይደርቅልኛል ብለው ነው።

ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ልክነሽ የመጀመሪያዋ፣ አሞጽ መካከለኛው፣ ሳምሶን የመጨረሻው። እናታቸው የሞቱት ሳምሶን ገና ድክ ድክ ሲል ነው። ልክነሽ ያን ጊዜ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ደብተሯን ዘግታ ሕፃኑን አዘለች፣ ትምህርቷም በዚያው ቀረ። ለአባቷ እየፈተለች፣ ገበያ እየወጣች፣ "ሳሚ ይማር" እያለች አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስጨረሰችው። ካሱ ሽመናውን ሊያስተምሩት ሲሉ "የዚህ ልጅ እጅ ለብዕር ነው" ብላ የተከራከረችለትም እሷ ነች። ዘግይታ አገባች፣ ባሏ በመኪና አደጋ ሞተባት፣ አርሴማ የምትባል አንድ ልጇን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። አባቷን አስታመመች፣ ቀበረች። ከዚያ በኋላ ቤቱ የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የምትኖርበት ልክነሽ ነች፤ አለቀ።

ጥያቄውን ያመጣው አሞጽ ነው። አሞጽ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ይሸጣል፤ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። በ2010 ዓ.ም. ለጥምቀት መጣና ጠርዙ ላይ ቆሞ ሐይቆቹን አዲስ እንዳያቸው ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ።

"እናንተ ሰዎች እዚህ ተኝታችሁ ነው እንዴ?" አለ። "እዚች ግቢ ውስጥ ስምንት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ ብንሠራ እኮ ቱሪስት ይሻማባታል!"

ሐሳቡ እንዲህ ነበር። ባንክ የሚያበድረው ለድርጅት ነው፣ ለእኔና ለአንተ አይደለም። ስለዚህ ቤቱና ቦታው በዓይነት መዋጮ ሆኖ ወደ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይግባ፤ ሦስቱም እኩል ባለድርሻ ይሁኑ፤ ከዚያ ድርጅቱ በስሙ ይበደር፣ በስሙ ይሥራ።

"ደግሞ ጥቅሙን እየው" አለው ሳምሶንን። "ቢከስር እንኳ ባለዕዳው ድርጅቱ ነው። የእኔን ሱቅ፣ የአንተን ማተሚያ የሚነካ የለም።"

ይህ እውነት ነው። ሕጉ እንደዚያ ይላል፤ ሳምሶንም ለስንቱ ደንበኛ በጣቱ እየቆጠረ አስረድቶታል። አንዲት ነገር ግን ሁለቱም ወንድማማቾች አላሰቧትም። አሞጽ ከድርጅቱ ውጪ ሱቅ አለው። ሳምሶን ከድርጅቱ ውጪ ማተሚያውና ከሚስቱ ከቲጂ ጋር የሠራው ቤት አለው። ልክነሽ ከድርጅቱ ውጪ ምንም የላትም፤ ያላት ሁሉ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ሊገባ ነው። ኃላፊነት የሚወሰነው ውጪ የሚያስቀረው ነገር ላለው ሰው መሆኑን አንድም ቀን ለደንበኞቹ ተናግሮ አያውቅም፤ ለራሱም አልተናገረም።

ልክነሽ ግን "ማኅበር" የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ በራ። እሷ የምታውቀው ማኅበር አንድ ነው፤ ወር በገባ በሃያ አንድ የሚጠጣው የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር። ባሏ ሲሞት በቦታው የተተካችው እሷ ነች፤ ነገ እሷ ብትሞት አርሴማ ትተካለች። ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል፣ ያጣ ይረዳል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣሉ አባላት ሳይታረቁ ጽዋውን አይቀምሱም። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የአባቷ ቤት ቢገባ ምን ክፋት አለው?

"ሙሴው ማን ይሆናል?" ብላ ጠየቀች። የጽዋ ማኅበር መሪ ሙሴ ነው የሚባለው።

አሞጽ በሳቅ ፈነዳ። ሳምሶንም ሳቀ። "ሥራ አስኪያጅ ነው የሚባለው እትዬ። እኔ እሆናለሁ።"

"አንተ ከሆንክማ ጥሩ" አለች።

ያን ጊዜ አጠገቧ ቁጭ ብሎ "ይኼኛው ማኅበር ሌላ ነው፤ እዚህ ሰው ሳይሆን ድርሻ ነው የሚቆጠረው፤ ቤቱ የአንቺም የእኔም መሆኑ ይቀርና የማኅበሩ የራሱ ይሆናል" ቢላት ምን ነበረበት? ለማያውቀው የሙዝ ነጋዴ ግማሽ ቀን የሚያስረዳ ሰው ላሳደገችው እህቱ አሥር ደቂቃ አጣ። ዛሬ ያ ሳቅ ትዝ ባለው ቁጥር እንደ እግር እሳት ያንገበግበዋል።

ልክነሽ ሞኝ እንዳትመስላችሁ። ወደ ሳምሶን ዞረች።

"ሳሚ፣ አንድ ነገር ጻፍልኝ። ሦስታችንም እሺ ካላልን ቤቱ አይሸጥም ብለህ ጻፍልኝ። ሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ።"

"ይጻፋል" አላት።

ጽሑፉ በሚታተምበት ቀን መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም ነዳጅ ጨርሶ ነበር። አሞጽ ለማግስቱ ከሰዓት የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ በየደቂቃው "አለቀ?" እያለ ይደውላል። መብራቱ ለሃያ ደቂቃ ብልጭ ሲል ሳምሶን ያንን የለመደውን ጽሑፍ ከፈተ። ከዚያ በፊት የሠራላቸውን የዓሣ ነጋዴዎች ስም አጠፋ፣ "ካሱና ልጆቹ የእንግዳ ማረፊያ" ብሎ ተካ፣ የሦስቱን ወንድምና እህት ስም አስገባ፣ አተመ። የልክነሽን ዓረፍተ ነገር በኋላ አስገባዋለሁ ብሎ ነበር። "በኋላ" የምትባለው ቃል ስንት ቤት እንዳፈረሰች የሚቆጥር ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።

በማግስቱ መዝጋቢዋ አንቀጹን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስታነብላቸው ልክነሽ ወደ ሳምሶን ጆሮ ጠጋ ብላ "ያቺ ነገር አለች?" አለችው። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀላት። በዚያች ደቂቃ ያለች መስሎት ነበር፤ ይህንን እግዚአብሔር ያውቃል። ልክነሽም ፈረመች። ከጥቂት ወራት በኋላ የቤቱ ካርታ ከአባታቸው ስም ወደ ድርጅቱ ስም ዞረ።

ስምንቱ ክፍል ተሠራ። የካሱ ቤት የእንግዳ መቀበያና መመገቢያ ስለሆነ ልክነሽና አርሴማ ከጓሮ ሰርቪስ ገቡ። "ለጊዜው ነው" አሏት። አልጋ የምታነጥፈው፣ ቁርስ የምትሠራው፣ አትክልት የምታጠጣው እሷ ነች፤ ሳምሶን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይቆጣጠራል። "ሥራ አስኪያጅ" የሚል የስም ካርድ አሳትሞ ለሰው ሁሉ ያድል ነበር። አንድ ዓመት ጥሩ ሄደ። ፈረንጆቹ የሃለኮ ቅጠልና ከበቆሎ ዱቄት የሚድቦለቦለውን ኩርኩፋ ስታቀርብላቸው ፎቶ ያነሷት ነበር። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ ወረርሽኙ ሳይወጣ ጦርነቱ ደረሰ፤ እንግዳ የሚባል ጭልጥ ብሎ ጠፋ። የባንኩ ደብዳቤ ግን መምጣቱን አላቋረጠም።

ልክነሽ መላ ነበራት። "ክፍሎቹን በወር ለዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች እናከራይ" አለች። "ምሳቸውን እኔ እሠራለሁ። ቀስ እያልን እንወጣዋለን።" ጎረቤቷ ጋሽ ገብረእግዚአብሔርም አምስት ተከራይ እንደሚያመጡ ቃል ገቡላት። ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ከሰሜን መጥተው ሠላሳ ዓመት እዚሁ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው፤ የጽዋ ማኅበሩ ሙሴም እሳቸው ናቸው፤ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ሳምሶን ግን አፍንጫውን ነፋ። የእንግዳ ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ክፍል አከራይ ሊባል? ያ የስም ካርድ ልቡን አሳብጦት ነበር።

ይህን ጊዜ አሞጽ ደወለ። ገዢ አግኝቷል። "ባንኩ በሐራጅ ከሚያወጣው እኛው እንሽጠው" አለ።

"ልክነሽ እሺ አትልም" አለ ሳምሶን።

"ባትልስ? እኔና አንተ እንበቃለን። ደንቡ ከግማሽ በላይ ድምፅ ነው የሚለው።"

"አይደለም። ሦስታችንም ካልተስማማን አይሸጥም ይላል።"

"እስኪ አንብበው።"

ሳምሶን መሳቢያውን ከፍቶ ሰነዱን አወጣ። አንድ ጊዜ አነበበው፣ ሁለተኛ አነበበው፣ በሦስተኛው በጣቱ እየተከተለ አነበበው። የለችም። ቃል በቃል የዓሣ ነጋዴዎቹ ደንብ ነው። እንዲያውም አንዱ አንቀጽ ላይ "የዓሣ ምርቱን" የምትል ቃል ሳትጠፋ ቀርታ አገኛት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የእንግዳ ማረፊያው በሕግ ዓሣ ሲያመርት ኖሯል።

ቀልቡ ተገፈፈ። ይሁንና ገና ምንም አልጠፋም ነበር። አሞጽ ብቻውን አንድ ድምፅ ነው። ሳምሶን ከልክነሽ ጋር ቢቆም ቤቱ አይሸጥም። ስልኩን አንሥቶ "ለእህቴ ቃል ገብቼላት የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አልፈርምም" ቢል በዚያው ያበቃ ነበር። አላለም። ሦስት ቀን አሰበበት፤ በሦስተኛው ቀን የረሳት ዓረፍተ ነገር የጠቀመችው መሰለው። የባንክ ደብዳቤ ሰልችቶት ነበር። አሞጽን መከራከር ደክሞት ነበር። ደግሞም፣ ለምን ይደበቃል፣ መገላገል ፈልጎ ነበር።

የስብሰባ ጥሪውን ለልክነሽ ሲሰጣት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። "ምንድን ነው?" አለችው። "ለፎርማሊቲ ነው እትዬ፣ ባትመጪም ግድ የለም" አላት። አልሄደችም። ቃለ ጉባኤውን ራሱ ጻፈ፤ "ከሦስት አባላት ሁለቱ በተገኙበት በድምፅ ብልጫ ተወስኗል" ብሎ። ፈረመ፣ የድርጅቱን ማኅተም መታበት። ሲጽፈው አንድም የፊደል ስሕተት አልሠራም።

ልክነሽ ነገሩን ያወቀችው የገዢው ሰዎች ሜትር ይዘው ግቢውን ሲለኩ ነው። ነጠላዋን በወጉ ሳታጣፋ ባጃጅ ይዛ ሲቀላ ወረደች። ጽሕፈት ቤቱ ደንበኛ ሞልቶት ነበር።

"ሳሚ፣ ቤቱን ማን ሸጠው?"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሳምሶን ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ፣ ለደንበኛ በሚናገርበት ድምፅ "እኔ አይደለሁም እትዬ፤ ድርጅቱ ነው" አላት።

"ሦስታችንም እሺ ካላልን አይሸጥም ተብሎ ተጽፏል አላልከኝም?"

"አልተጻፈም።"

"አለች አልከኝ እኮ። በጆሮህ ጠይቄህ ራስህን ነቀነቅክልኝ።"

ሳምሶን ይህንን ዘለለው። "ድርጅቱ በሕግ የራሱ ሰውነት አለው" አለ። "ንብረቱ የእሱ ነው፣ የሸጠውም እሱ ነው። እኔ በግሌ የማደርገው የለም።"

"እሺ፣ የት ነው ያለው?" አለች ልክነሽ። አላሾፈችም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። "የት እንዳለ ንገረኝና ሄጄ ልለምነው። እግሩ ላይ እወድቃለሁ። የአባቴ ቤት ነው፣ ሌላ መግቢያ የለኝም ብዬ እነግረዋለሁ።"

ወረፋ ከያዙት አንዱ ሳቀ። ልክነሽ የሳቀውን ሰው አየችው፣ ከዚያ ሳምሶንን አየችው። ሳምሶን መታወቂያ ኮፒ ያደርግ ጀመር። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፣ በእግሯም ወደ ሴቻ ዳገቱን ያዘችው።

በዚያው ሳምንት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሎች ወደ ሳምሶን ቤት መጡ። ጋሽ ገብረእግዚአብሔርና ከዶርዜ የወረዱ አንድ የአባቱ ዘመድ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ቲጂ ወንበር አቀረበችላቸው። ሳምሶን ሰነዶቹን በጠረጴዛው ላይ ደርድሮ እንደ ችሎት ጠበቃቸው፤ መመሥረቻ ጽሑፉን፣ ቃለ ጉባኤውን፣ የሽያጭ ውሉን። ስለ ሕጋዊ ሰውነት ማስረዳት ሲጀምር አዛውንቱ እጃቸውን አነሡ።

"ልጄ፣ እኛ ወረቀት ማስታረቅ አንችልም" አሉ፣ ጋሞኛ በሚጫነው አማርኛቸው። "እህትህ አዝኖ ነው ያለው። ማነው ያሳዘነው? እሱ ይምጣ፣ የእርቅ ሣር ይያዝ፣ ይቅር በለኝ ይበል። እሱ ነው የእኛ ሥራ።"

"አባቴ፣ ድርጅቱ ነው እንጂ እኔ በግሌ..."

"ሰውነት አለው አይደል ያልከው?" አሉ ጋሽ ገብረእግዚአብሔር። "ሰውነት ካለው ጥራውና ይምጣ፤ እኛ እንጠብቃለን።"

እና ቁጭ አሉ። እውነትም የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ሳምሶን "እኔ ነኝ" ቢል ሁለት ቃል ነው፤ አንደበቱ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሃያ ዓመት ክስ የጻፈ ሰው ነው፤ "አምኛለሁ" የሚል ቃል ፍርድ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ስለ ረሳት ዓረፍተ ነገር ቢናገር ነገ በማስረጃነት ትቀርብብኛለች ብሎ ፈራ። እህቱን ያሳደገችው እህት አድርጎ ሳይሆን ሊከስሰው የሚችል ባለጉዳይ አድርጎ አሰባት። ስለዚህ ወረቀቶቹን ሰበሰበና "እኔ በግሌ ያጠፋሁት ጥፋት የለም" አለ። ሁለቱ ሽማግሎች የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ተነሡ።

ልክነሽ ፍርድ ቤት አልሄደችም፤ የመሄድ ሐሳብም አልነበራት። የባንኩ ዕዳ ተከፍሎ የደረሳትን ይዛ ወደ ኩልፎ ወንዝ በኩል፣ ከሙዝ እርሻዎቹ አጠገብ፣ ሁለት ክፍል ተከራየችና ለእርሻ ሠራተኞች ምሳ መሥራት ጀመረች። ወንድምና እህት ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሆድና ጀርባ ሲባል ግን ልክነሽ አንድም ቀን ስሙን በክፉ አንሥታ አታውቅም። ቲጂ ልጆቹን ይዛ ስትሄድ አቅፋ ትቀበላለች፣ ታበላቸዋለች፣ ስለ ትምህርታቸው ትጠይቃለች። "ሳሚስ ደኅና ነው?" ብላ ግን አትጠይቅም። ቲጂ ስትመለስ ሳምሶን "ምን አለች?" ይላታል። "ምንም" ትለዋለች።

እንዲህ አምስት ዓመት አለፈ። ገዢው የካሱን ቤት አፍርሶ ባለ አራት ፎቅ አቆመበት፤ ከሲቀላ አንገቱን ቀና ያደረገ ሁሉ ያየዋል። ሳምሶን አንገቱን ቀና አያደርግም። ያንን የተዘጋጀ ጽሑፍ ከኮምፒውተሩ አጠፋው፤ አሁን የእያንዳንዱን ሰው እንደ አዲስ ይጽፋል፣ እስኪሰለቹት ድረስ "የምትጨምሩት አለ? ቃል የተገባባችሁት ነገር አለ?" እያለ ይጠይቃል። እህትማማችና ወንድማማች ሆነው ሲመጡማ ጉድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከገረሴ የመጡ ሦስት ወንድማማቾችን "መጀመሪያ ሂዱና ቤታችሁ ተነጋገሩ" ብሎ ሳይጽፍላቸው መልሷቸዋል። የራሱን ድርጅት ግን አላፈረሰውም። ቤት የለው፣ ሥራ የለው፣ ሠራተኛ የለው፤ ስምና ማኅተም ብቻ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ አለ። ለማፍረስ ሦስቱ አባላት ይገናኙ ይላል ሥርዓቱ፤ እሱ ደግሞ እህቱን ለዚህ ሊጠራት ፊት አጣ።

ብዙ ጊዜ ሊሄድ ተነሥቷል። አንድ ቀን እስከ ኩልፎ ድልድይ ደርሶ፣ ስኳርና ሳሙና በፌስታል ይዞ፣ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ተመልሷል። ምን ብሎ ይጀምር? ለሌላው ሰው የይቅርታ ደብዳቤ ሲጽፍ ቃል አጥሮት አያውቅም፤ ለራሱ ሲሆን መጀመሪያዋ ቃል ላይ ይቆማል። የመጀመሪያዋ ቃል "እኔ" ነችና።

ዘንድሮ በጥር አርሴማ ልታገባ ሆነ። የፋርማሲ ትምህርቷን ጨርሳ ሆስፒታል ትሠራለች። የጥሪ ካርዱን ራሷ ይዛ ጽሕፈት ቤቱ መጣች፣ በሁለት እጇ ሰጠችው፣ "እማ ናት የጻፈችው ጋሼ" ብላ ቶሎ ወጣች። ሳምሶን ካርዱን ይዞ ከወንበሩ ተነሣ። ጠርታኛለች! የልጇ አጎት ነኝና ጠርታኛለች! ፖስታውን ገልብጦ አነበበው። የልክነሽ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ የስድስተኛ ክፍል ፊደል፣ ትልልቅና ቀጥ ያለ።

"ለካሱና ልጆቹ የእንግዳ ማረፊያ ኃ/የተ/የግ/ማ፣ አርባ ምንጭ" ይላል።

ቤቱ ሲገባ ቲጂ ሌላ ካርድ ይዛ ጠበቀችው። "ለወይዘሮ ቲጂና ልጆቿ" የሚል።

"ተሳስታ ይሆናል" አላት ካርዱን እያሳያት።

ቲጂ አነበበችው፣ መለሰችለት። "አልተሳሳተችም" አለች።

አልሄድም አለ፤ እሄዳለሁ አለ፤ እንዲህ ሲል ሳምንቱ አለቀ። በመጨረሻ ሄደ። ዶርዜ ወጥቶ ጥሩ ቡልኮ አሠርቶ ነበር፤ እሱን በክንዱ ይዞ ከቲጂና ከልጆቹ ጋር አዳራሹ በር ላይ ደረሰ። አስተናጋጇ የቲጂን ካርድ አይታ "የቤተሰብ በቀኝ በኩል ነው፣ ግቡ" አለች። የሳምሶንን አየች። "የመሥሪያ ቤትና የድርጅት ተወካዮች በግራ በኩል" አለችው፣ በትሕትና። ልጆቹ ዞር ብለው አዩት፤ ቲጂ እጃቸውን ይዛ ገባች።

አጠገቡ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ተወካይ የሆነ፣ ክራቫት ያሰረ ሰው ተቀምጧል። "እርስዎ ከየትኛው ድርጅት ነዎት?" አለው።

"ከካሱና ልጆቹ።"

"ምን ላይ ነው የምትሠሩት?"

ሳምሶን ቡልኮውን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። "አሁን ምንም ላይ" አለ።

ፕሮግራም መሪው ለፎቶ መጥራት ጀመረ። "የሙሽራዋ የእናት ወገኖች!" ሲል ሳምሶን ሳያስበው ከወንበሩ ብድግ አለ። ቲጂ ሄደች፣ ልጆቹ ሄዱ፣ ከዶርዜ የመጡት ዘመዶች ሄዱ። አሞጽ ከአዲስ አበባ አልመጣም፤ በአጎት ቦታ፣ ከሙሽራዋ ቀጥሎ፣ ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ቆመዋል። ልክነሽ ነጭ በነጭ ለብሳ መሐል ነች፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ከስታለች፣ እየሳቀች ነው። ዓይኗ በአዳራሹ ሲዞር እሱ ላይ ደረሰ፣ ሳይቆም አለፈ። ሳምሶን ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ክራቫት ያሰረው ሰው እንዳላየ ሆነ።

"የመሥሪያ ቤትና የድርጅት ተወካዮች!"

ተሰልፈው ወጡ። ሳምሶን ከሰውዬው ኋላ ነው፤ ቡልኮውን በግራ ክንዱ ይዟል። ለሙሽሮቹ ሰጠ፤ አርሴማ ጉንጩን ሳመችው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ቀጥሎ ልክነሽ ነች። ከአምስት ዓመት በኋላ እጇን ያዘ፤ ምሳ በመሥራት ብዛት ሸካራ ሆኗል። አምስት ዓመት አንደበቱ ላይ የቆመችው ቃል በዚያ ሁሉ ሙዚቃ መሐል ወጣች።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ" አላት። "ቤቱን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ያቺን ነገርም ሳልጽፍ የቀረሁት እኔ ነኝ።"

ሰምታዋለች። እጇ በእጁ ውስጥ ለአፍታ ቀጥ ብሎ መቆሙን አውቋል። ከዚያ ለእንግዳ በሚገባ ፈገግታ ጎንበስ አለችለት።

"ስለመጣችሁልን እናመሰግናለን" አለችና እጇን ከኋላው ለቆመው ሰው ዘረጋች።